የካርዱ ዋጋ የወረደበት ጠዋት

የነዳጅ ማደያው ባለቤት ኢስመት ኮርኩት የተገኘው በገዛ የዋጋ ሰሌዳው ሥር፣ ጤዛ ባረጠበው ሣር ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ከመንገዱ ዳር በቆመው ረጅም ሰሌዳ ላይ የካሽ ዋጋው እንደ ወትሮው ተሰቅሏል፤ ሦስት ዶላር ከአሥራ ዘጠኝ። ከሥሩ የካርድ ዋጋ መኖር የነበረበት ቦታ ግን ባዶ ነው። ቁጥር የለ፣ ምን የለ፤ ጥርሱ የወለቀ አፍ መስሏል።

ሳጅን ሮዛን ዲሜዮ ከመኪናዋ ወርዳ የሚያማትን ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገችና ቀና ብላ አየችው። "የማርያም ያለህ!" አለች። በዚህ ማደያ ስንት ዓመት አስቀድታለች! ሰሌዳው እንዲህ ጎዶሎ ሆኖ አይታው አታውቅም።

አምቡላንሱ ሽማግሌውን ይዞ ሄዷል። ረዳቷ ታይረል ደብተሩን ይዞ ጠበቃት። ገና ወጣት ነው፤ ሬሳ ያልሆነ ጉዳይ ሲደርሰው ደስ ይለዋል።

"በሕይወት አለ፣ ሳጅን። ግን አልነቃም። ከኋላው ነው የተመታው፣ በዚህ።" በጫፉ የጎማ መምጠጫ ያለበትን ረጅም ዘንግ አሳያት፤ ቁጥሮቹን ከሰሌዳው ላይ የሚያወርዱበትና የሚሰቅሉበት ነው። "ባንክ ሊያስገባው ያዘጋጀው የካሽ ከረጢትም ከቢሮው ጠፍቷል። ዋጋ እየቀየረ ሳለ ሌባ ደረሰበት።"

"ማን አገኘው?"

"ቀጂው። ባልጂት ይባላል፤ ያውና።"

ባልጂት ሰማያዊ ጥምጥም የጠመጠመ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ፂሙ ጥቁር ሰው ነው። ፓምፖቹ ሥር ባለው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ደም የነካውን እጅጌውን እንደ ሰው ዕቃ ከሰውነቱ አርቆ ይዞታል።

ያኔ አንዲት ቀይ መኪና የፖሊሱን ቢጫ ገመድ በአፍንጫዋ ገፍታ ፓምፑ አጠገብ ቆመች። መስኮቱ ወረደና ሃያ ዶላር የያዘ እጅ ብቅ አለ።

"የሃያ፣ በካሽ!"

"ዝግ ነው!" ብሎ ጮኸ ታይረል። "ፖሊሱን አታይም?"

"አያለሁ። ታዲያ ማን ይቀዳልኛል?"

"ሂድ ከዚህ!"

ሮዛን ከሣሩ ላይ ያለውን የቁጥር ሳጥን ከፍታ አየችው። ከሰሌዳው የወረዱት ቁጥሮች ተደራርበው በሥርዓት ተቀምጠዋል። ከላያቸው "ካርድ" የሚል ትንሽ ጽሑፍ ያለበት ቆርቆሮ አለ፤ እሱም ተፈትቶ ወርዷል። ዋጋ የሚቀይር ሰው ቁጥሩን ይቀይራል እንጂ ስሙን ምን ብሎ ያወርደዋል? ነገሩ ከነከናት፤ ግን የትም አላደረሳትምና ሳጥኑን ዘግታ ወደ ባልጂት ሄደች።

"አርፍጄ ነው የመጣሁት፣ ማዳም" አለ ሳትጠይቀው። "ሲነጋጋ እዚህ መሆን ነበረብኝ። ወንዙ ዳር ስዞር ነበር።"

"ብቻህን?"

"ብቻዬን። ከአቢ ጋር ተኳርፈን ነበር።"

"አቢ ማነው?"

"ኢስመት ነዋ! በነሱ ቋንቋ፣ በቱርክኛ፣ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። መጀመሪያ የተቀጠርኩ ቀን 'ጌታዬ' ብለው፣ 'ጌታህ ላይ ነው ያለው፤ እኔ አቢ ነኝ' አለኝ።"

"በምን ተኳረፋችሁ?"

"ትላንት የገዛ መኪናውን እዚህ አምጥቶ አቆመና 'ሙላው' አለኝ። ሞላሁት። ከዚያ ካርድ ሰጠኝ! የራሱን ካርድ፣ በራሱ ማደያ፣ በውድ ዋጋ! ይህ ሰው እኮ፣ ማዳም፣ አምፖል በከንቱ ሲበራ ካየ ቀኑን ሙሉ የሚነጫነጭ ሰው ነው። ደረሰኙን አየ፤ ሰሌዳውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። እሰርቅ እንደሆነ እየፈተነኝ መሰለኝ፤ ደሜ ፈላ። 'ይህን ሁሉ ዓመት አብሬህ ኖሬ ዛሬ ትፈትነኛለህ?' ብዬ ጮህኩበት። ሰው ሁሉ ሰማኝ።"

"እሱስ ምን አለ?"

"'አንተን አይደለም' አለኝ። አላመንኩትም። ጥዬው ሄድኩ።" እንባው ፂሙ ውስጥ ገባ። "ባልሄድ ኖሮ ጠዋት ብቻውን አይሆንም ነበር።"

አለቃዋ ማሎይ በስልክ ነገሩን ሲሰማ አፍታም አልፈጀበትም። "ትላንት ተጣሉ። ዛሬ ደሙ እጁ ላይ ነው። የት እንደነበር የሚመሰክርለት ዳክዬ ብቻ ነው። ምን ትጠብቂያለሽ፣ ዲሜዮ?"

"ከረጢቱን። ከረጢቱ የት ሄደ?"

"ወንዝ ውስጥ! ዳር ዳሩን ሲዞር አልነበር? ነገ እስኪመሽ ሌላ ሰው ካላመጣሽልኝ ክሱ በሱ ላይ ይከፈታል።"

"እሺ" አለች፤ ግን ልቧ እሺ አላለም። ሰው ገድሎ የሚያለቅስ አይታ ታውቃለች። ባልሄድ ኖሮ ብሎ የሚያለቅስ ግን ሌላ ነው።

* * *

ማክሰኞ ዕለት ማደያው ውስጥ ኢስመትን "ሌባ!" ብሎ የተሳደበ ሰው እንደነበር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያወራል። ዋልት ኩቢያክ ይባላል፤ ጣሪያ ሠሪ ነው። የተገኘውም የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጣሪያ ላይ፣ አፉ ውስጥ ምስማር ነክሶ ነው።

"ውረድ!" አለችው ሮዛን ከታች።

"ሥራ ላይ ነኝ! አንቺ ውጪ!"

"ጉልበቴን ያመኛል!"

"እኔንም ያመኛል፤ ዝናቡ ግን ይህ አይገባውም!"

አንገታቸው እስኪንጋደድ እንዲሁ ተነጋገሩ።

"ኢስመትን አንቀህ ልትገድለው ነበር ይባላል!"

"ባንቀው ኖሮ ማክሰኞውኑ ትመጪ ነበር!" ምስማሩን ተፋ። "ስሚ፣ ካሽ ያልያዘ ሰው ይቀጣል፤ እሺ። የዘመኑ ነገር ነው። ቅጣቱን ሰሌዳው ላይ ጽፎታል፤ በካሽ ሦስት ከአሥራ ዘጠኝ፣ በካርድ ሦስት ከሃያ ዘጠኝ። አሥር ሳንቲም። እየተሳደብኩም ቢሆን እከፍላለሁ። ማሽኑ ግን የወሰደብኝ ሦስት ከሠላሳ ስድስት ነው! 'ሰሌዳ ላይ ያልተጻፈ ቅጣት ዝርፊያ ነው' አልኩት።"

"እሱስ?"

"'ማሽን አይሳሳትም' አለ። ከዚያ ደረሰኜን ወስዶ ዝም ብሎ አፈጠጠበት። እኔ እንኳ ደንግጬ መሳደቤን ተውኩ።"

"ዛሬ ጠዋትስ የት ነበርክ?"

ዋልት በመዶሻው ወደ ታች፣ በር ላይ ወደቆሙት ቄስ ጠቆመ። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ከንጋት ጀምሮ እዚያው ላይ ነው፣ ሳጅን። ጣቱን በመዶሻ ሲመታ የተናገረውን ለቅዳሴ የመጡት ሴቶች በሙሉ ሰምተውታል። አንዷማ እስካሁን እያማተበች ነው።"

ሮዛን ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። የሰባቱን ሳንቲም ነገር ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ኒው ጀርሲ ውስጥ የካርድ ዋጋ የማያማርር ሰው ካለ ወይ ሀብታም ነው ወይ ገና ጠዋት ከአውሮፕላን የወረደ ነው።

* * *

ከኢስመት ስልክ የመጨረሻው ጥሪ የተደወለው ለግሌን ዳንፎርዝ ነበር። ግሌንን የማያውቅ የለም። ለመንገዱ ዳር ማደያዎች የካርድ ማሽን የሚያስገባው እሱ ነው፤ ለከተማው ልጆች ቤዝቦል የሚያሠለጥነውም እሱ ነው። ሮዛን ሆስፒታል ስትደርስ ቀድሟት አበባ ይዞ ከኢስመት ሚስት ከነርሚን አጠገብ ቆሟል።

"ሮዚ!" ብሎ አቀፋት። "ምን ዓይነት ጊዜ ላይ ደረስን? እንደ አባት ያለ ሰው!"

"ትላንት ማታ ደውሎልህ ነበር።"

"አዎ፣ የደረሰኝ ወረቀት አለቀብኝ ብሎ። ዛሬ አመጣልሃለሁ አልኩት። ምን ያደርጋል!"

"ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ? ሁሉንም ሰው ነው የምጠይቀው፤ እንዳትቀየመኝ።"

"ሥራሽ ነው እኮ! ከወንዙ ማዶ ነበርኩ፣ ፔንስልቬንያ፣ ኢስተን። አዲስ ደንበኛ ላገኝ ሄጄ ሰውዬው ሳይመጣ ቀረ። ፀሐይ ስትወጣ ድልድዩ አጠገብ ያለው ማደያ ነበርኩ።"

"ደረሰኝ አለህ?"

ግሌን ዙሪያውን ገልመጥ አድርጎ ጠቀሳት። "በካሽ ነዋ የከፈልኩት! ካርድ ለሰው እሸጣለሁ እንጂ እኔማ ሞኝ ነኝ? ለማንም እንዳትናገሪ።"

ሮዛን ሳቀች። "ያየህ ሰው?"

"ልጁ ያስታውሰኛል፤ አረንጓዴ ጃኬት የለበሰ ልጅ ነው። በመስኮት 'የሠላሳ፣ በካሽ' አልኩት። ቀዳልኝ፤ የፊት መስታወቴን ሳይቀር ጠረገልኝ። ሁለት ዶላር ጉርሻ ሰጠሁት። ያን ብርድ ታውቂው የለ፣ እግሬን መሬት አላስነካሁም።"

"የድልድዩ መሻገሪያ ክፍያ ደረሰኝስ?"

"በነጻው ድልድይ ነዋ የተሻገርኩት። አንቺ በየትኛው ትሄጃለሽ?"

"በነጻው" አለች ሮዛን። እውነቷን ነው። ሁሉንም ጻፈችና ደብተሯን ዘጋች። ጆሮዋ አንድም ነገር አልቆረቆረውም፤ በሱ ቦታ ብትሆን እሷም ልክ እንዲሁ ታደርግ ነበር።

ግሌን ከሄደ በኋላ ነርሚን ሻርፗን አጥብቃ ወደ ኮሪደሩ ማዶ አየችና ቶሎ ዓይኗን መለሰች። እዚያ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ባልጂት ተቀምጧል። ማንም አልጠራውም፤ ማንም አላባረረውም።

"ባሌ ለሰው ሁሉ 'ልጄ ነው' ነበር የሚለው" አለች። "በበዓላችን እኛ ቤት ነው የሚበላው፣ በበዓላቸው እኛን ነው የሚጠራን። እውነት እሱ ነው፣ ልጄ?"

"ገና አላወቅኩም፣ እሜቴ።"

"ትላንት ሲጮህበት በስልክ ሰምቻለሁ። እሱ ከሆነ እባክሽ ፊቱን አታሳዪኝ።"

ሮዛን ስትወጣ ባልጂት ተነሣላት።

"ማዳም፣ አለቃዎ ሊያስረኝ ነው አይደል?"

"ነገ ማታ ድረስ ጊዜ አለኝ።"

"እስሩ ይሁን። ስንቱን አሳልፌያለሁ። ነርሚን ግን ፊቷን ስታዞርብኝ..." በእጁ ደረቱን ያዘ። "ይኸው ነው የገደለኝ። አቢ ሳይነቃ ቢቀር ዕድሜዋን ሙሉ እኔ እንደሆንኩ አድርጋ ነው የምታስበው።"

ሮዛን ትከሻውን መታ መታ አድርጋው ሄደች። ያን ሌሊት እንቅልፍ ባይኗ አልዞረም።

* * *

ዓርብ ጠዋት የግሌንን ቃል ለማረጋገጥ ወንዙን ተሻገረች። ለደንቡ ነው እንጂ ከዚያ ምንም እንደማታገኝ ሆዷ ያውቀዋል። ድልድዩ አጠገብ ያለውን ማደያ ስታየው የነዳጇ መርፌ ቀዩ ላይ ደርሷል። እግረ መንገዴን ልቅዳ አለችና ፓምፑ ጥግ አቆመች። መስኮቷን ዝቅ አድርጋ ሃያ ዶላር አወጣችና ጠበቀች።

ጠበቀች።

ማንም አልመጣም። "ምን ዓይነት ሰነፍ ማደያ ነው!" ብላ ክላክስ አደረገች። አሁንም ማንም የለም። ከኋላዋ የቆመ የጭነት መኪና በተራው ክላክሱን ነፋባት፤ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ታርጋዋን አየና በሳቅ ፈነዳ።

"ጀርሲ! እዚያው ልታድሪ ነው እንዴ?"

"ቀጂው የታለ?" አለች ተናዳ።

"ቀጂው አንቺ ነሽ! ውረጂ!"

ሮዛን ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሦስት ነፍሰ ገዳይ በእጇ ይዛለች፤ ነዳጅ ግን ቀድታ አታውቅም። ባገሯ በኒው ጀርሲ ሰው ለራሱ እንዲቀዳ ሕጉ አይፈቅድም። ወዲህ ማዶ ስትመጣ ደግሞ የጀርሲው ስለሚረክስ ሞልቶ መሻገር ነው ደንቡ። እዚህ ሰው ለራሱ እንደሚቀዳ ታውቃለች፤ ማን የማያውቅ አለ? ማወቅና ልማድ ግን ለየቅል ናቸው።

ወርዳ እጀታውን ብትጎትት፣ ብትጫን፣ አሻፈረኝ አላት። ከጎኗ ስትቀዳ የነበረች አንዲት አሮጊት አዘነችላት።

"አይዞሽ፣ ልጄ። ባሌ ያንቺው አገር ሰው ነበር፤ አርባ ዓመት እዚህ ኖሮ ሳይማር ነው የሞተው። በካሽ ከሆነ መጀመሪያ ገብተሽ ክፈይ፤ አለዚያ አይከፍትልሽም።"

ገብታ ከፈለች። ወጥታ ቀዳች። ጫማዋ ላይ ትንሽ ፈሰሰባት። እጇ ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ የታንኩን ክዳን ስትዘጋ ግን ቀጥ ብላ ቀረች።

የግሌን ቃል ትዝ አላት። በመስኮት የሠላሳ በካሽ አልኩት። ቀዳልኝ። እግሬን መሬት አላስነካሁም።

ተመልሳ ሮጠች፣ ጉልበቷን እንኳ ረስታ። ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ስልኳን ታያለች።

"እዚህ ቀጂ አላችሁ? አረንጓዴ ጃኬት የሚለብስ ልጅ?"

"ቀጂ?" ልጅቷ ሳቀች። "እመቤቴ፣ እዚህ አገር ሁሉም ለራሱ ነው።"

"ትላንት ጠዋትስ? ለአንድ ቀንም ቢሆን?"

"ትላንት ጠዋት እኔው ብቻዬን ነበርኩ። ከዚህ ወንበር ከተነሣሁ ያባርሩኛል።"

አመል ያወጣል ከመሃል ይባል የለ! ግሌን ቀኑን አሰበበት፤ ድልድዩን አሰበበት፤ ደረሰኝ እንዳይጠየቅ ካሽ ብሎ አሰበበት። ነዳጅ አስቀዳሁ ሲል ግን ማን ያስባል? ዕድሜውን ሙሉ ያደረገውን አወራ። እሷም ዕድሜዋን ሙሉ ያደረገችውን ሰማችና አሳለፈችው። ሮዛን መሪውን ይዛ ሳቀችም ተናደደችም።

ከዚያ ነገሩ እንደ ተፈታ ክር እየተሳበ መጣላት። ዋልት ከሰሌዳው በላይ ተወስዶበታል። ኢስመት የዋልትን ደረሰኝ ካየ በኋላ ራሱ በካርድ አስቀዳ፤ አንተን አይደለም ብሎም ለባልጂት ነገረው። ቀጂውን አልነበረም የፈተነው፤ ማሽኑን ነው! በነጋታው ቁጥሩንም ስሙንም አወረደ። ዋጋ እየቀየረ አልነበረም። ካርድ የሚባለውን ነገር ከማደያው እያስወጣ ነበር።

ለታይረል ደወለች። "ግሌን ማሽን ያስገባበት ሌላ ማደያ ሂድና በካርድ አስቀዳ። ሰሌዳው ላይ ያለውንና የወሰደብህን አስተያይ።"

"በማን ካርድ፣ ሳጅን?"

"በራስህ ነዋ! ስስታም!"

ብዙም ሳይቆይ ደወለ፤ ድምፁ ተለውጧል። "ሁለት ቦታ አስቀዳሁ። ሁለቱም ጋ በየጋሎኑ ሰባት ሳንቲም ትርፍ ወሰደብኝ። ባለቤቶቹ አያውቁም፤ ትርፉ የሚሄደው ወደ ግሌን ነው እንጂ ለነሱ አይደርሳቸውም።"

"ሰባት ሳንቲም ማን ያያል?" አለች ሮዛን። "ዋልት ኩቢያክ ያያል፤ እግዜር ይስጠው።"

* * *

ግሌን ፖሊስ ጣቢያ የመጣው ፈገግ ብሎ ነው። ሮዛን እንቁላልና ቺዝ ያለበት ሳንድዊች አስቀርባለታለች። አለቃዋ ማሎይ ጥግ ላይ ክንዱን አጣምሮ ተቀምጧል፤ ፊቱ ጊዜዬን አታባክኑ ይላል።

"ለመዝገቡ ያህል ነው፤ አንዴ ድገምልኝ" አለችው። "ኢስተን ያለው ማደያ።"

ደገመው። አንድም ቃል አላዛነፈም። ሮዛን እየሰማች ራሷን ነቀነቀች።

"ልጁ ወደ መስኮትህ መጣ?"

"መጣ እንጂ። 'በካሽ ነው በካርድ?' አለኝ።"

"ቀድቶልህ ሲያበቃ ከፈልክ?"

"አዎ፣ በመስኮቱ።"

"ከመኪና አልወረድክም?"

"አልኩሽ እኮ! ሮዚ፣ ምን ሆነሻል?"

"እኔ እኮ ትላንት ይህንኑ ስትነግረኝ አመንኩህ" አለች ሮዛን። "ዛሬ ሄድኩ። ልክ እንዳንተ መስኮቴን ከፈትኩ። ልክ እንዳንተ ብሬን ይዤ ጠበቅኩ። አንድ የጭነት ሾፌር ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ። ለምን መሰለህ?"

ግሌን ሳንድዊቹን ሊጎርስ እንደከፈተ አፉ አልተዘጋም።

"ያ አገር ቀጂ የለውማ፣ ግሌን! ለራስህ ነው የምትቀዳው። ካሽ ከሆነ ደግሞ ወርደህ፣ ገብተህ፣ ቀድመህ ነው የምትከፍለው።"

ማሎይ ክንዱን ፈታ። "የክርስቶስ ያለህ" አለ ለራሱ። እሱም የጀርሲ ልጅ ነው፤ እሱም አሁን ገና ገባው።

"ያ... ተሳስቼ ነው። በሌላ ቀን..."

"ታይረል የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ ከመኪናህ ጋር ነው።"

በሩ ተንኳኳና ታይረል ገባ። በእጁ የባንክ ከረጢት ይዟል። "ከደረሰኝ ወረቀቶቹ ካርቶን ሥር ነው ያገኘሁት" አለ። "ካርቶኑ እስካፉ ሙሉ ነው። ኢስመት ወረቀት አለቀብኝ አለኝ ብሎ የለ? አንዲትም ጥቅል አልወሰደለትም።"

ግሌን ሳንድዊቹን አስቀመጠ። ሮዛን እጁን አየችው፤ ልጆች ሲያሠለጥን ያየችው ያው እጅ ነው።

"ለመንኩት" አለ። "በስልክ 'ነገ ለየማደያው ሁሉ እናገራለሁ' አለኝ። ጠዋት ሄጄ 'ገንዘቡን እመልሳለሁ፣ ጊዜ ስጠኝ' አልኩት። 'ለኔ አይደለም የምትመልሰው፤ ለቀዳው ሰው ሁሉ ነው' ብሎ ጀርባውን ሰጠኝና ቆርቆሮውን አወረደው። ሳጥኑ ውስጥ ሊያስቀምጠው ሲያጎነብስ ዘንጉን ሰሌዳው ላይ አስደግፎት ነበር። ሮዚ፣ ሰው መግደል..."

"አልገደልክም። ለዚህ እግዜርን አመስግን። ባልጂትን ግን ልትቀብረው ነበር፤ እሱን እያወቅክ ነው አበባ ይዘህ የመጣኸው።"

ግሌን አቀረቀረ። ማሎይ በሩ ድረስ ሸኛትና "ስለ ዳክዬው የተናገርኩትን እርሺው" አላት።

* * *

ሆስፒታል ስትደርስ ኮሪደሩ መጨረሻ ያለው ወንበር ባዶ ነው። እርምጃዋን አፈጠነች። ወደ ክፍሉ ስትጠጋ ግን ነርሚንን አየቻት፤ በሩ ላይ፣ የባልጂትን ሁለት እጆች በእጆቿ ይዛ ቆማለች። ታይረል ቀድሞ ደውሎላት ኖሯል።

"ይቅር በለኝ" ትለዋለች። "ይቅር በለኝ፣ ልጄ። ምን ነክቶኝ ነው?"

"ኧረ ተይ! እኔም ብሆን እጠረጥር ነበር።"

"ውሸትህን ነው፤ አንተ አትጠረጥርም ነበር።" አለቀሰች። "ና ግባ። ከነቃ ጀምሮ ስምህን እየጠራ አስቸግሮኛል።"

ኢስመት ራሱ በነጭ ፋሻ ተጠምጥሞ ትራሱ ላይ ቀና ብሏል። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።

"ማደያው ክፍት ነው?"

"ዝግ ነው፣ አቢ።"

"ዝግ! እኔ እዚህ ተኝቼ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?" ከዚያ እጁን ዘረጋና የባልጂትን እጅጌ ያዘ። "አንተን አይደለም ብዬህ ነበር። አንተን እንኳን ልጠረጥርህ፣ ሙሉ ካዝና ሰጥቼህ አልቆጥርም። ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ፣ አቢ።"

"እንግዲያው ጥምጥምህን አስተካክል፤ ዘመሟል።"

ሁለቱም ጥምጥማሞች ተያዩና ሳቁ። ሮዛን ሳትታይ ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ እስኪበቃት አለቀሰች፤ ደስ የሚል ልቅሶ ነበር።

* * *

በረዶው ሲቀልጥ ሮዛን በዚያ በኩል አለፈችና ሰሌዳውን አየችው። ጥርሱ ሞልቷል፤ ግን ሁለት ዋጋ የለም። አንድ ዋጋ ብቻ ነው ያለው፤ ከሥሩ "በካሽም በካርድም" ይላል። ኢስመት የግሌንን ማሽን ነቅሎ ሌላ አስገብቷል፤ ቅጣቱንም ከዚያ ወዲያ ትቶታል። ለምን ቢሉት ለዋልት ስድብ አቅም የለኝም ይላል።

ሽማግሌው ቢሮው ደጃፍ ፀሐይ ላይ፣ ነርሚን በግድ ያመጣችለት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሮዛን ፓምፑ ጥግ አቆመች። ምን እንደነካት እንጃ፣ ኢስተን የተማረችውን ሙያ ልታሳይ ይሁን፣ ከመኪናዋ ወረደችና እጀታውን አነሣች።

"ማዳም! ማዳም!" ባልጂት ከማዶ ፓምፕ እየሮጠ መጣ። "ያስቀምጡት! ራስዎ ከቀዱ እኮ የሚጠየቀው ማደያው ነው! ሊያሳስሩኝ ነው?"

ከአፉ ከወጣ በኋላ ያለውን ሰማው። ሮዛንም ሰማችው። አንዴ ተያዩና ሁለቱም እጀታውን እንደያዙ በሳቅ ወደቁ። ኢስመት ከወንበሩ "ምን ያስቃችኋል? ሰው ቆሟል፣ ቅዳ!" ብሎ ጮኸ፤ እሱም እየሳቀ ነው።

ሮዛን ተመልሳ መኪናዋ ውስጥ ገባች። በሯን ዘጋች፤ መስኮቷን ዝቅ አደረገች።

"በካሽ ነው በካርድ?" አለ ባልጂት፣ ጎንበስ ብሎ።

"ምን አገባህ! ዋጋው አንድ ነው!" አለ ኢስመት።

"ሙላው" አለች ሮዛን።